ሕግ ጠባቂ በዳኛ ፊት

የአንድ አገር ሕዝብ ሕግን የሚማርበት ስፍራ ብዙ ነው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን፥ አንዱ በትምህርት ቤት፥ አንዱም በሸንጎ ይማራል፤ ከእነዚህ ከሦስቱ የራቀው ግን በገበያና በሜዳ ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በሜዳ ከሚታየውም ነገር ሁሉ በዛሬው ዘመን ብዙ ሰው የሚሰበስበው የእግር ኳስ ጨዋታ ስለ ሆነ፥ ኳሱን ማን እንደሚጫወተው፥ ዳኛውም ሲፈርድ ተጫዋቹ ፍርዱን እንዴት እንደሚቀበለው መመርመር ለባለሥልጣንም ሆነ ለካህን እንደ ትንሽ ነገር የሚቈጠር አይደለም። ይልቁንም ከተሰላፊዎቹ አንደኛው የፖሊስ ሠራዊት ክለብ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል። በሌላው ቀን ሕግን ያስከብር ዘንድ ሥልጣንና የጦር መሣሪያ የተሰጠው ሰው፥ በዚያ ቀን ምንም መሣሪያ ያልያዘና ፊሽካ ብቻ በአፉ ያደረገ ሰው ሲፈርድበት ቆሞ ይሰማልና።

የአማራ ክልል ፖሊስ ስሙን የተሸከመ የእግር ኳስ ክለብ አቋቁሞ፥ ክለቡም በአገሪቱ ከፕሬሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ሲሰለፍ ታይቷል። ይህን ለማድረግ የቻለበትም ምክንያት የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ52ኛው አንቀጽ ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና የክልላቸውን ሰላምና ጸጥታ እንዲያስጠብቁ ስለ ፈቀደላቸው፥ እያንዳንዱ ክልል ፖሊሱን ሲያቋቁም ከሠራዊቱ ጋራ የስፖርት ክለብ ማቋቋምም እንደ ልማድ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው ፖሊስ ኳስ ይጫወት ወይስ አይጫወት የሚል አይደለም፤ ሲጫወት ኖሯልና። ጥያቄው፥ የፖሊስ ክለብ ጥቅሙ ለማን ነው? በምንስ ይመዘናል? የሚለው ነው። በተለይም ዛሬ እንደ ፍኖተ ሰላምና እንደ ቡሬ ባሉ በምዕራብ ጐጃም ከተሞች ሕዝቡ ስለ ሕግና ስለ መሣሪያ ብዙ ባየበት ዘመን፥ መልሱ ከዋንጫ የበለጠ ነገርን ይነካል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም.፥ ጠላት በአገሪቱ ላይ በዘመተበት በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላ የጦር ሠራዊቱ መቻል በሚል ስም ክለብ አቆመ፤ ይህም ክለብ ዘመን ሲለወጥ መከላከያ ተብሎ ከቈየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ወደ ቀድሞው ስሙ ተመልሷል። የፖሊስ ሠራዊት በበኩሉ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ በአዲስ ሥርዐት ከተደራጀ ወዲህ ክለብ አቋቁሞ ኦሜድላ ብሎ ሰየመው። ኦሜድላም በ1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አሸናፊ ለመሆን በቅቷል።

ኦሜድላ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ ለሽማግሌዎች የታወቀ ቢሆንም፥ ወጣቶች ብዙዎቹ የክለብ ስም ብቻ ይመስላቸዋል። ኦሜድላ በሱዳን ጠረፍ ያለች ስፍራ ናት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በቃና ዘገሊላ በዓል ዕለት፥ ወደ አገራቸው ሲገቡ ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት በዚያች ስፍራ ነበር። ከዚያም በበለያ ተራራ አድርገው ወደ ጐጃም ደጋ ወጡ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉት የጐጃም አርበኞች ለዓመታት ሲዋጉበት በኖሩት ምድር፥ ጠላት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፤ ወዲያውም በደምበጫ አጠገብ ብርቱ ውጊያ ሆነ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም በአዲስ አበባ ሆኑ። ፍኖተ ሰላም የተባለው የግእዝ ስምም ለከተማዪቱ የወጣላት ከዚህ ጉዞ ጋራ ተያይዞ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ትርጓሜው የሰላም መንገድ ማለት መሆኑን ካህናት ያውቁታል።

ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈለገው ለጌጥ አይደለም። የፖሊስ ሠራዊት የመጀመሪያው ክለቡ ስም ሊያወጣለት በፈለገ ጊዜ ከምዕራብ ጐጃም መንገድ መነሻ ላይ ስምን ተበድሯል ማለት ነው። ስም ደግሞ ዕዳ አለበት። ሕግ ከተሰደደበት ወደ አገሩ የተመለሰበትን ስፍራ ስሙ ያደረገ ሠራዊት፥ በዚያው መንገድ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ሕግን በደንብ ሲያከብር ሊታይለት ይገባል።

የፖሊስ ክለብ ጥቅም አለው የሚሉ ሰዎች ሦስት ነገር ያመጣሉ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። መጀመሪያው የሠራዊቱ ጤና ነው፤ ቀን ከሌት በዘብ የሚቆም ሰው ሰውነቱ ካልጠነከረ ሥራውን አይችለውም። ሁለተኛው የስፖርተኛው ኑሮ ነው። ከጥንት ጀምሮ በጦርና በፖሊስ ክለቦች እንደ ተለመደው፥ ተጫዋቹ ወይም ሯጩ በሠራዊቱ መዝገብ ገብቶ ደመወዝ ይቈረጥለታል፤ ማዕረግም ያገኛል፤ ጕልበቱ በደከመ ጊዜም ወደ መደበኛ ሥራ ይዛወራል እንጂ ወደ ጎዳና አይወድቅም። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። አገሪቱ የግል ባለሀብትም ሆነ ሰፊ የስፖርት ገበያ ባልነበራት ጊዜ፥ የድኻ ልጅ ተሰጥኦውን ሳይቀብር እንጀራ ሊያገኝ የቻለው በሠራዊቱ ቤት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው የፖሊስና የሕዝብ መቀራረብ ነው። ገበሬ ፖሊስን የሚያገኘው በአብዛኛው በክፉ ቀን ነው፤ ከብቱ ሲሰረቅበት፥ ወንድሙ ሲገደልበት፥ ወይም ራሱ ሲከሰስ። ስለዚህ የደንብ ልብሱን ባየ ጊዜ ልቡ ይፈራል። በሜዳ ግን ያንኑ ሰው በማልያና በአጭር ሱሪ ሲሮጥ፥ ሲወድቅ፥ ጓደኛው እጁን ይዞ ሲያነሣው፥ ኳስ ሲስት እንደ ሌላው ሰው ራሱን ይዞ ሲጸጸት ያየዋል። በዚህ ጊዜ ፖሊስ የሰው ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህን መቀራረብ በስብሰባና በመመሪያ ለማምጣት ብዙ ወረቀት ይፈጃል፤ ጨዋታ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያመጣዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ክለቡ ከሕዝቡ መካከል የወጣ እንደ ሆነ ነው። በምዕራብ ጐጃም ገጠር መኸር ተሰብስቦ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ሲቀርበት፥ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ አስረው ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደምበጫን፥ ጅጋን፥ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ተከትሎ የሚሄድ ሰው፥ በየከተማው ዳር ሣሩ በእግር ብዛት ያለቀ ሜዳ ያገኛል። ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ቡሬም ከዚያ መንገድ ላይ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው ጐዳና የሚገነጠልባት፥ በ2013 ዓ.ም. የግብርና ውጤቶችን የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት የንግድ ከተማ ናት። በእነዚህ ስፍራዎች ወጣት አልጠፋም፤ ጕልበትም አልጠፋም። የጠፋው ወጣቱን ከሰፈር ሜዳ አንሥቶ ወደ ክልል፥ ከክልልም ወደ አገር ደረጃ የሚያደርስ መሰላል ነው። የክልሉ ፖሊስ በየወረዳው ጣቢያ ስላለው፥ ይህን መሰላል ለመትከል እንደ እርሱ የሚመቸው መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

ዛሬ በብዙ ክለቦች ዘንድ የሚታየው ልማድ ግን የተለየ ነው። በከተማ አስተዳደሮችና በመሥሪያ ቤቶች በጀት የሚተዳደሩ ክለቦች፥ ከሥር ወጣት ከማሳደግ ይልቅ በየዓመቱ ከሌላው ክለብ ተጫዋች በብዙ ገንዘብ ማስመጣትን መርጠዋል። ነገሩ እጅግ እየባሰ ስለ ሄደ፥ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ክለቦች እስከ መስማማት ደርሰው ነበር። የፖሊስ ክለብ በዚሁ ጐዳና ከሄደ፥ ከላይ የተቈጠሩት ጥቅሞች ሁሉ ይቀራሉ። በገንዘብ የመጣው ተጫዋች ፖሊስ አይደለም፤ የአካባቢው ልጅም አይደለም፤ ከማልያው በቀር ከሠራዊቱ ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም። የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ የገበሬው ግብር ነው። ገበሬው ግብሩ ለጣቢያው መጠገኛ ወይም ለልጁ ሜዳ ማስተካከያ ቢውል ደስ ይለዋል፤ ለአንድ ዓመት ለሚቈይ እንግዳ ቢከፈል ግን ምክንያቱን ለመጠየቅ መብት አለው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ነገር የፍርድ ጉዳይ ነው። ፖሊስ በአንድ ጨዋታ ላይ በሁለት ወገን ይቆማል። በሜዳው ውስጥ ተከራካሪ ሆኖ ይሰለፋል፤ በሜዳው ዙሪያ ጠባቂ ሆኖ ይቆማል። ዳኛው ቅጣት ምት በፖሊስ ክለብ ላይ በሰጠ ጊዜ፥ ከቍጡ ተመልካች የሚጠብቀው ያው የተቀጣው ክለብ ባልደረባ ነው። ማንም ክፉ ባያስብ እንኳ ዳኛው በልቡ ይጠራጠራል፤ ዳኛው ባይጠራጠር ተጋጣሚው ይጠራጠራል፤ ሁለቱም ባይጠራጠሩ ሕዝቡ ይጠራጠራል።

ይህ ጥርጣሬ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሌላው ዓለም ታሪክ መማር ይቻላል። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች ክለብ የነበረው የበርሊን ዲናሞ፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከ1971 እስከ 1980 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት በተከታታይ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። የበላይ ጠባቂው የአገሩ የጸጥታ ሚኒስትር ኤሪክ ሚልከ ነበሩ። ተጫዋቾቹ በእውነት ጎበዞች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ዳኞች በፍርሃት ያደሉለታል ብሎ ስላመነ፥ በየሄደበት ሜዳ ይሰደብ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ከላይፕዚግ ሎኮሞቲቭ ጋራ ሲጫወት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ባለው ጭማሪ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠውና አቻ ወጣ። ቍጣው ከመብዛቱ የተነሣ ፍርዱን የሰጠው ዳኛ ከዳኝነት ታገደ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ መንግሥቱም ካለፈ ወዲያ፥ ጨዋታው ከሌላ ወገን የተቀረጸበት ፊልም ተገኝቶ ሲታይ፥ የዳኛው ውሳኔ ልክ እንደ ነበረ የሚያመለክት ሆነ።

በዚህ ነገር ውስጥ ያለውን ትምህርት ማስተዋል ይገባል። በዚያ ቀን የተሰጠው ፍርድ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የሚያምነው ሰው አልተገኘም። ሕግ አስከባሪው ራሱ ተከራካሪ በሆነበት፥ ወሰኑም ባልተለየበት ስፍራ፥ ሐሰተኛው ፍርድ እንደሚጎዳ ሁሉ እውነተኛውም ፍርድ ይባክናል። የተጎዳውም ተጋጣሚው ብቻ አይደለም፤ ጎበዝ ሆነው ሳለ ጉብዝናቸው ያልታመነላቸው የፖሊስ ክለብ ልጆች ከሁሉ ይልቅ ተጎድተዋል።

ይህ ሲባል ግን የፖሊስ ክለብ ሁሉ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። በኢራቅ በፈረንጆች 1932 ዓ.ም. የተመሠረተው አል ሹርጣ፥ ስሙ ፖሊስ ማለት ሲሆን፥ በአገሩ ሕዝብ ዘንድ ብዙ ደጋፊ ያለው ታላቅ ክለብ ነው። በጎረቤት ኬንያም የፖሊስ ክለብ በ2017 ዓ.ም. የተፈጸመውን የሊግ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፏል። በዩጋንዳና በሩዋንዳም የፖሊስ ክለቦች በከፍተኛው ሊግ ይሰለፋሉ። እንግዲህ ክፋቱ ከፖሊስ መጫወት የሚመጣ ሳይሆን፥ ጠባቂነትና ተከራካሪነት ሳይለዩ ሲቀሩ የሚመጣ ነው።

ለኢትዮጵያ ሕዝብ ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ፥ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ያስቆሙት ነበር። መንገደኛው ወታደርም ዘበኛም አልነበረውም፤ ሁለቱ ግን እየተራቱና እየተወራረዱ በፊቱ ይሟገቱ፥ ቃሉንም ይቀበሉ ነበር። በሕግ አምላክ የተባለም ሰው፥ የያዘውን ዱላ ሳይሰነዝር ባለበት ይቆም ነበር። በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲሰለፉ፥ ጌታው በሎሌው ዱላ ቢመታ እንዳይቈጣ ልማዱ ያስገድደው ነበር፤ በዚያች ቀን ማዕረግ ከሜዳው ውጭ ይቀመጣልና። ሕዝቡ ፍርድን ምን ያህል እንደሚያከብር፥ በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ የሚለው ተረት ያስረዳል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፥ የሚታገል ሰው እንደ ሕጉ ካልታገለ አክሊል እንደማይገባው አስተምሯል።

ስለዚህ የፖሊስ ክለብ ትክክለኛ መመዘኛው በተሸነፈ ቀን የሚያሳየው ጠባይ ነው። ማንኛውም ክለብ ዋንጫ ሊያመጣ ይችላል፤ ሌሎች ክለቦች ሊሰጡት የማይችሉትና የፖሊስ ክለብ ብቻ ሊሰጠው የሚችለው ትምህርት ግን አንድ ነው። ይኸውም የመያዝና የማሰር ሥልጣን ያለው ሰው፥ አንድ መሣሪያ የሌለው ዳኛ ተሳስቶ እንኳ ቢፈርድበት፥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለማቅረብ ካልሆነ በቀር ቃል ሳይናገር ሜዳውን ሲለቅ ለሕዝብ መታየቱ ነው። ይህን በቡሬ ሜዳ ቆሞ ያየ ወጣት፥ በሚቀጥለው ቀን በድንበር ወይም በገበያ ቢጣላ ወደ ዳኛ ለመሄድ ምሳሌ አለው። የዚህ ተቃራኒ የሆነውን፥ ማለት የፖሊስ ተጫዋች ዳኛውን ሲገፋ ያየ ወጣት ግን፥ ሕግ የጕልበተኛ መሣሪያ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ስብከት ቢሰበክለት ይህን ከልቡ ማውጣት ያስቸግራል።

በሜዳው ዙሪያ የሚቆመውም ፖሊስ ቢሆን ከዚህ የሚያንስ ኃላፊነት የለበትም። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ የወልድያና የመቐለ ክለቦች ሊጋጠሙ በነበረበት ቀን፥ በደጋፊዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በካንጁሩሃን ስታዲየም፥ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ፖሊሶች አስለቃሽ ጭስ ወደ ተመልካቹ ስለ ተኰሱ፥ ሕዝቡ ወደ መውጫ በሮች ሲሸሽ ተጨናንቆ 135 ሰዎች ሞተዋል። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የስታዲየም ጥበቃ ደንብ በሜዳ ዙሪያ የሚቆሙ ጠባቂዎች የጦር መሣሪያም ሆነ የጭስ ጋዝ እንዳይዙ ይከለክላል። ይህ ደንብ በባሕር ዳር ስታዲየም ብቻ ሳይሆን በትንሽቱም ከተማ ሜዳ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ በር የጠበበበትና ሕዝብ የበዛበት ሜዳ የትም ቢሆን አንድ ነውና።

እንግዲህ አሁን ወዳለው ጊዜ መመለስ ግድ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ዐዋጁም ተራዝሞ ዐሥር ወር ያህል ጸና። በዐዋጁ መጀመሪያ ሳምንታት፥ በነሐሴ ወር፥ በፍኖተ ሰላም ከተማ ብዙ ሰዎች ሞቱ። የሰላም መንገድ ተብላ የተሰየመችው ከተማ የኀዘን ከተማ ሆነች። በምዕራብ ጐጃም መንገድ የሚዘጋበት፥ ትምህርት ቤት የሚቋረጥበት፥ ገበያ የሚበተንበት ጊዜ መጣ። ፖሊስም ሞቷል፤ ገበሬም ሞቷል፤ የሁለቱም እናት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አስፈትታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ኳስ መናገር እንደ ቀልድ የሚቈጥረው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን ነገሩን በጥልቅ ለተመለከተው ሰው፥ ኳሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ በአንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። በወላጆች ልብ ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ፍርሃት አለ፤ እርሱም ልጄን ለኳስ ብለው ወስደው ለጠመንጃ ያደርጉብኛል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ምክንያት ሊያገኝ አይገባውም። ወጣት ተጫዋች ለመሆን ወዶ የመጣ እንደ ሆነ በተጫዋችነት ይመዝገብ፤ ፖሊስ ለመሆን የፈለገም በግልጽ ፖሊስ ተብሎ ይመዝገብ። አንዱ በሌላው ስም ቢጠራ፥ ክለቡ በአንድ ቀን የሕዝብን እምነት ያጣል፤ ከዚያም ወዲያ ከገጠር ልጅ የሚሰጠው ወላጅ አይገኝም። ደግሞም የፖሊስን ማልያ የለበሰ የገጠር ልጅ በበዓል ቀን ወደ ወላጆቹ ቤት ያለ ሥጋት ሄዶ ለመመለስ መቻሉ፥ ሰላም መመለሱን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ስለ ሆነ፥ በሁለቱም ወገን ያለ ሰው ሁሉ ለዚህ ልጅ ደኅንነት ኃላፊነት አለበት።

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁሉ የሚከተሉት ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፥ የፖሊስ ክለብ ሒሳቡ ከሠራዊቱ ሒሳብ ተለይቶ ይያዝ፤ በየዓመቱም ይመርመር፤ ከፖሊሱም ደመወዝ ያለ ፈቃዱ ለክለቡ የሚቈረጥ ነገር አይኑር። ሁለተኛ፥ በየዓመቱ ጸጥታው በፈቀደ መጠን በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በደምበጫ ሜዳዎች የወጣቶች ምርጫ በአደባባይ ይደረግ፤ ከክለቡም ተሰላፊዎች የሚበዙት ከየወረዳው የተገኙ ይሁኑ። ሦስተኛ፥ የፖሊስ ክለብ በሚጫወትበት ቀን የሜዳውን ጥበቃ የሚያዝዘው መኰንን ከክለቡ አስተዳደር ጋራ ግንኙነት የሌለው ይሁን፤ ትእዛዙንም ፌዴሬሽኑ ከላከው የጨዋታው ኃላፊ ጋራ እየተመካከረ ይስጥ። አራተኛ፥ በዳኛ ላይ እጁን ያነሣ የፖሊስ ተጫዋች በፌዴሬሽኑ ደንብም በሠራዊቱ ደንብም ይቀጣ፤ ቅጣቱም ሕዝብ እንዲያውቀው ይነገር። አምስተኛ፥ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች በሜዳው የክብር ስፍራ ይሰጣቸው፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ የእነርሱ ቃል ከዱላ አስቀድሞ ይሰማልና።

እነዚህ ምክሮች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ሦስቱ ወሰንን ከመለየት በቀር ሌላ ነገር አይሹም፤ የቀሩትም ቢሆኑ ለአንድ ታዋቂ ተጫዋች ማስመጫ ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ይበቃቸዋል። የሚጠይቁት ከባድ ነገር ፈቃድ ነው። አለቃ የሆነ ሰው ክለቡ ሲሸነፍ ስልክ አንሥቶ ዳኛውን ማን መደበው ብሎ ከመጠየቅ መታገሥ ይኖርበታል፤ ይህ ትዕግሥት በምንም በጀት አይገዛም።

የኦሜድላ ስም የተገኘበት መንገድ በቡሬ በኩል ያለፈ እንደ ሆነ፥ የወደፊቱም የፖሊስ ክለብ መንገድ በዚያው ቢያልፍ የተገባ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ቆሞ የተቀበለው ሕግ ከስደት ሲመለስ አየሁ ብሎ ነው። ዛሬም በፍኖተ ሰላም ሜዳ ዳር ቆሞ፥ የፖሊስ ልጆች ከአገሩ ልጆች ጋራ ሲጫወቱ፥ ቢሸነፉም ዳኛውን እጅ ነሥተው ሲወጡ ለማየት ይብቃ። ሰላም በምድሩ ሁሉ ተመልሶ፥ መኸሩ በተሰበሰበበት ማሳ ላይ ልጆች የጨርቅ ኳሳቸውን ያለ ፍርሃት እንዲመቱ የሁሉ ጌታ እግዚአብሔር ይፍቀድ።